ስለ ገጸ ባሕርይ ድርሰት ማስጻፍ፦ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መምህራን ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መካከለኛ ደረጃ በሚባሉት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል አማርኛ የሚያስተምሩ መምህራን፣ አንዳንዴም ልጆቻቸውን በቤት የሚያግዙ ወላጆች፣ ከዚህ በታች የቀረቡትን ጥያቄዎች ደጋግመው ያነሳሉ። መልሶቹ የመማሪያ መጽሐፉን ለመተካት የታሰቡ አይደሉም፤ መጽሐፉ «ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ አንድ ድርሰት ጻፉ» ብሎ በአንድ መስመር በሚያልፈው ቦታ ላይ መምህሩ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማመልከት የተዘጋጁ ናቸው።

የገጸ ባሕርይ ድርሰት ታሪኩን አሳጥሮ ከመጻፍ በምን ይለያል?

ታሪክን ማሳጠር «ምን ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። የገጸ ባሕርይ ድርሰት ግን ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል፤ የመጀመሪያው «ይህ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ይህን በምን አወቅህ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ካልተመለሰ የመጀመሪያው ወይ ውዳሴ ወይ ስም ማጥፋት ሆኖ ይቀራል።

ልዩነቱ በአደረጃጀትም ይታያል። ታሪኩን የሚያሳጥር ተማሪ አንቀጾቹን የሚደረድረው ድርጊቶቹ በተፈጸሙበት ቅደም ተከተል ነው፤ ስለ ገጸ ባሕርይ የሚጽፍ ተማሪ ግን ከታሪኩ መጨረሻ የወሰደውን ድርጊት በመጀመሪያው አንቀጽ፣ ከታሪኩ መጀመሪያ የወሰደውን ንግግር ደግሞ በመጨረሻው አንቀጽ ሊያኖር ይችላል፤ ምክንያቱም ድርሰቱን የሚመራው የተማሪው ሐሳብ እንጂ የድርጊቶቹ ጊዜ አይደለም። መምህሩ ይህን በቶሎ ለማወቅ ከፈለገ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ለይቶ ያንብብ። ዓረፍተ ነገሮቹ «አንድ ቀን»፣ «ከዚያ በኋላ»፣ «በመጨረሻም» እያሉ የሚጀምሩ ከሆነ ተማሪው ገና እየተረከ ነው።

ተማሪዎቼ ስለ ገጸ ባሕርይው ጻፉ ስላቸው ታሪኩን መልሰው ይተርኩልኛል። ምን ላድርግ?

ይህ ድክመት ከስንፍና የሚመጣ አይደለም። ልጁ ከአያቱም ሆነ ከጓደኛው ታሪክ ሲሰማ ያደገው በቅደም ተከተል ነው፤ ከታችኛው ክፍል ጀምሮም «ያነበባችሁትን በራሳችሁ አባባል ተርኩ» እየተባለ ሲመሰገንበት ቆይቷል። ስለዚህ «ታሪኩን አትድገሙ» ብሎ መከልከል ብቻውን አይጠቅመውም፤ በምትኩ የሚሠራውን ነገር በዓይኑ ማየት አለበት።

ለምሳሌ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀውን የአንበሳውን ጠጉር ተረት እንውሰድ። ተረቱ አንዳንድ ቦታ ስለ ባልና ሚስት፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ስለ እንጀራ እናትና ስለ እንጀራ ልጅ ይተረታል፤ እዚህ የምንጠቀመው ሁለተኛውን ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅ የአባቱን አዲስ ሚስት አልቀበልም ይላል፤ የሠራችለትን አይበላም፣ ስታናግረውም አይመልስላትም። ሴትየዋ መላ ፍለጋ ወደ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ትሄዳለች። ሽማግሌው የአንበሳ ጠጉር ካመጣች መድኃኒት እንደሚሠሩላት ይነግሯታል። እሷም ሥጋ ይዛ አንበሳው ወደሚውልበት ሄዳ በመጀመሪያው ቀን ከሩቅ አስቀምጣለት ትመለሳለች፤ በማግሥቱ ጥቂት ትቀርባለች፤ እንዲህ እያለች ሲለምዳት አጠገቡ ደርሳ ጠጉሩን ትወስዳለች። ሽማግሌውም ልጁን እንደ አንበሳው ቀስ ብላ እንድታለምደው መክረው ያሰናብቷታል።

ስለዚህች ሴት የሚጻፍ የመጀመሪያ ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለውን ይመስላል፦

«ሴትየዋ በጣም ጎበዝ ነበረች። አንድ ቀን ወደ ሽማግሌው ሄደች። ሽማግሌውም የአንበሳ ጠጉር አምጪ አሏት። ከዚያም ሥጋ ይዛ ሄደች። ከዚያም አንበሳው ለመዳት። ከዚያም ጠጉሩን ወሰደች። ስለዚህ ከዚህ ተረት ጉብዝናን እንማራለን።»

እዚህ ላይ ተማሪው ራሱ «ከዚያም» የሚለውን ቃል ባገኘበት ሁሉ በእርሳስ እንዲያከብበው ይደረግ። ቃሉ በተደጋገመ ቁጥር ትረካው ሐሳቡን እየጎተተው እንደሄደ ያያል። ቀጥሎ መምህሩ ከተረቱ አንድ ድርጊት ብቻ ያስመርጣል፤ በመጀመሪያው ቀን ሥጋውን ከሩቅ አስቀምጣ መመለሷን እንበል። «ለምንድን ነው በመጀመሪያው ቀን ያልቀረበችው?» ተብሎ ሲጠየቅ ከክፍሉ ግማሹ «ፈርታ ነው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ አስባበት ነው» ይላል። ሁለቱ ወገኖች ተረቱን እየጠቀሱ መከራከር ሲጀምሩ ድርሰቱ ተጀምሯል ማለት ነው፤ መምህሩ ክርክሩን ቶሎ እንዳይዘጋው ይጠንቀቅ። ከክርክሩ በኋላ የተስተካከለው አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሴትየዋ ፍርሃት የሚሰማት፣ ነገር ግን ለፍርሃቷ የማትገዛ ሰው ናት። በመጀመሪያው ቀን ሥጋውን ከሩቅ አስቀምጣ መመለሷ አንበሳው ሊበላት እንደሚችል መገንዘቧን ያሳያል። ይሁን እንጂ በዚያው አልቀረችም፤ በማግሥቱም መጥታ ከትናንቱ ጥቂት ቀረብ አለች። ድፍረት ብቻ ቢኖራት ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ዘው ብላ ትበላ ነበር፤ ፍርሃት ብቻ ቢኖራት ኖሮ ደግሞ በሁለተኛው ቀን አትመለስም ነበር።»

በሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ ያለው ታሪክ ከመጀመሪያው በጣም ያንሳል፤ አንባቢው ስለ ሴትየዋ የሚያውቀው ግን ይበልጣል። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪዎቹ ልዩነቱን ራሳቸው እንዲናገሩ ማድረግ ስለ ድርሰት ክፍሎች ከሚሰጥ ረጅም ማብራሪያ የበለጠ ይሠራል።

ማስረጃውን ከራሳቸው ዓረፍተ ነገር ጋር ማያያዝ ያቅታቸዋል። የሚረዳ ዘዴ አለ?

አለ፤ የሚገኘውም እዚያው ሰዋስው ክፍል ውስጥ ነው። አማርኛ ማንኛውንም ድርጊት በ«መ»፣ አሉታ ሲሆን ደግሞ በ«አለመ» ወደሚጀምር ስም ለውጦ የዓረፍተ ነገር ባለቤት ሊያደርገው ይችላል። «ተመለሰች» የሚለው «መመለሷ»፣ «አልመለሰላትም» የሚለው «አለመመለሱ»፣ «ወደ ሽማግሌው ሄደች» የሚለው «ወደ ሽማግሌው መሄዷ» ይሆናል። ድርጊቱ ወደ ስም ሲለወጥ ዓረፍተ ነገሩ ሳይጨርስ ይንጠለጠላል፤ ተማሪው «ወደ ሽማግሌው መሄዷ…» ብሎ አራት ነጥብ ማድረግ ስለማይችል «ያሳያል»፣ «ያመለክታል»፣ «ያስረዳል» ወደሚል ማሰሪያ አንቀጽ (ዓረፍተ ነገሩን ወደሚዘጋ ግሥ) መድረስ ግድ ይሆንበታል፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ ምን እንደሚያሳይ ማሰብ አለበት።

ለልምምድ ከተነበበው ታሪክ አምስት ድርጊቶችን በሰሌዳው በግራ በኩል ጽፎ ተማሪዎቹ እያንዳንዱን በዚህ መንገድ እንዲለውጡና በቀኝ በኩል እንዲጨርሱት ማድረግ በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም «ጎበዝ መሆኗን ያሳያል» ብለው ይጨርሱታል። ይህ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይወስደናል።

«ጎበዝ»፣ «ደግ» እና «ክፉ» ከሚሉት ቃላት እንዴት ላውጣቸው?

ረጅም የባሕርይ ቃላት ዝርዝር አባዝቶ ማደል የተለመደ ነው፤ ውጤቱ ግን ብዙም አያረካም፤ ተማሪው ከዝርዝሩ ውስጥ የማያውቀውን ቃል በድምፁ መርጦ ያለ ቦታው ይሰካዋል። ከዝርዝር ይልቅ ጥንድ ቃላት ይሻላሉ። የሚቀራረቡ ግን አንድ ያልሆኑ ቃላት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀርቡና ተማሪው ያለው ማስረጃ የትኛውን እንደሚደግፍ ይወስናል። ቆራጥና እልኸኛ፣ ቆጣቢና ስስታም፣ ትሑትና አጎብዳጅ፣ ብልህና ተንኮለኛ፣ ታጋሽና ቻይ፣ ኩሩና ትዕቢተኛ ጥሩ መጀመሪያ ይሆናሉ።

የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ቅንጫቢ ላነበበ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የመጨረሻው ጥንድ በቀጥታ ያገለግላል። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚመጥናት የለም እያሉ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለጠየቁ ሁሉ አይሰጡም፤ ልጅቱም ሳታገባ ዕድሜዋ ይገፋል። ይህ ኩራት ነው ወይስ ትዕቢት? ኩራት ነው የሚል ተማሪ ሰውየው የቤተሰባቸውን ክብር ለመጠበቅ ማሰባቸውን ይጠቅሳል። ትዕቢት ነው የሚለው ደግሞ ዋጋውን የምትከፍለው ልጃቸው መሆኗን፣ እሳቸውም ይህን ለማየት አለመፈለጋቸውን ያነሳል። ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን ያልመረጠበትን ምክንያት በሁለት ዓረፍተ ነገር የጻፈ ተማሪ «ፊታውራሪ መሸሻ ክፉ ሰው ናቸው» ከሚል ገጽ ሙሉ ጽሑፍ የተሻለ ሥራ ሠርቷል።

በነገራችን ላይ «ጎበዝ» የሚለውን ቃል ፈጽሞ መከልከል አያስፈልግም። ተማሪው ሲጠቀምበት «በምን ጎበዝ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ምን ዓይነት ጽሑፍ ልምረጥ?

ለ7ኛ ክፍል መጀመሪያ ተረት ተስማሚ ነው፤ አጭር ስለሆነ ሁሉም ተማሪ ሙሉውን በልቡ ይይዘዋል፤ መጽሐፍ ያልደረሰውም ተማሪ ወደ ኋላ አይቀርም። ይሁንና ተረት ሁሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አያ ጅቦ በሚገኝባቸው ተረቶች ውስጥ ጅቡ ሁልጊዜ ሆዳም፣ ሁልጊዜም ተላላ ነው፤ ተማሪው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ከጻፈ በኋላ የሚጨምረው አያገኝም፤ የሚያከራክርም ነገር የለም። የሚመረጠው ገጸ ባሕርይው በሁለት ነገሮች መካከል ተይዞ አንዱን የሚመርጥበት ተረት ነው። የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶች ተማሪዎችን በጣም ይስባሉ፤ ነገር ግን አለቃ በሕይወት የነበሩ ሰው በመሆናቸውና በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የእሳቸው ስላልሆነ ተማሪው የሚጽፈው በቀልዱ ውስጥ ስላለው ገጸ ባሕርይ እንጂ ስለ ሰውየው የሕይወት ታሪክ አለመሆኑን አስቀድሞ ማስገንዘብ ይገባል።

ከተረት ቀጥሎ አጭር ልብ ወለድ፣ ከዚያም የረጅም ልብ ወለድ ቅንጫቢ ይመጣል። ረጅም ልብ ወለድ ሙሉውን አንብባችሁ ድርሰት ጻፉ ማለት በዚህ ዕድሜ ፍሬው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ተማሪ መጽሐፉን አያገኘውም፣ ያገኘውም ሳይጨርሰው የጓደኛውን ማጠቃለያ ይገለብጣል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን አንድ ልዩ ጥቅም አለው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያነበበው ትረካ በቅጂ ስለሚገኝ መጽሐፍ በሌለበት ክፍል ውስጥ አንድ ትዕይንት በስልክና በትንሽ ድምፅ ማጉያ ማሰማት ይቻላል። ሲሰሙ ግን ማስታወሻ መያዝ አለባቸው፤ አለዚያ ከተራኪው ድምፅ ጋር ይሄዱና ገጸ ባሕርይው የተናገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ይዘው አይመለሱም።

ስለ ገጸ ባሕርይው ማስረጃ የሚሆነው ምንድን ነው?

የሚያደርገው፣ የሚናገረው፣ የሚያስበው፣ ሌሎች ስለ እሱ የሚሉትና ተራኪው በቀጥታ የሚነግረን ነው። ይህን ተማሪዎች በቀላሉ ያጠኑታል። የሚከብደው አምስቱ እኩል ክብደት የሌላቸው መሆኑን መረዳት ነው፤ በተለይ ሌሎች የሚሉትን እንደ ወረደ ማመን የተለመደ ስሕተት ነው።

ለዚህ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ገጸ ባሕርይ ከጉዱ ካሣ የተሻለ ማስተማሪያ አይገኝም። ስሙ ካሣ ዳምጤ ሆኖ ሳለ አገሩ «ጉዱ» ብሎ የሚጠራው ስለ ሥርዓቱና ስለ ዘር ልዩነት የሚናገረው ሁሉ ለአካባቢው ሰው ጉድ ስለሚሆንበት ነው። ተማሪው «ሰዎች ዕብድ ስለሚሉት ጉዱ ካሣ ዕብድ ነው» ብሎ ሲጽፍ መምህሩ ማረሚያውን ከመጻፉ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፦ ይህን የሚሉት እነማን ናቸው? እሱ የሚናገረው እውነት ቢሆን የሚጎዱትስ እነማን ናቸው? ከዚህ በኋላ ያው ማስረጃ ሌላ ፍርድ ይወልዳል፤ «ዕብድ» መባሉ ስለ ካሣ ከሚነግረን ይልቅ ስሙን ስላወጡለት ሰዎች የሚነግረን ይበዛል። አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ይህን በራሱ አነጋገር ከጻፈ ድርሰቱ ውስጥ ሌላ ጉድለት ቢኖር እንኳ ከፍተኛ ነጥብ ይገባዋል።

ስለ ጥቅስ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ከጽሑፉ በቃል የተወሰደ ንግግር በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ይግባ፤ ከአንድ ወይም ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ ከጥቅሱ በኋላም ተማሪው የራሱን ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ጥቅሱን አስቀምጦ ወደሚቀጥለው አንቀጽ የሚሻገር ተማሪ ሥራውን ለአንባቢው ትቶለታል።

ድርሰቱ ስንት አንቀጽ ይሁን? ቢጋርስ (ከመጻፍ በፊት የሚዘጋጀው ንድፍ) የግድ ነው?

ለ7ኛ ክፍል አንድ ጥሩ አንቀጽ ይበቃል፤ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሁለትና ሦስት ይደርሳሉ። በ8ኛ ክፍል መግቢያ፣ ሁለት ወይም ሦስት የሐተታ አንቀጾችና አጭር መደምደሚያ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አምስት አንቀጽ ማዘዝ ተማሪውን ወረቀት ወደ መሙላት ይገፋዋል።

ቢጋሩ አጭር ይሁን፦ ስለ ገጸ ባሕርይው ያለኝ ፍርድ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ፍርዴን የሚደግፉ ሁለት ድርጊቶች ወይም ንግግሮች፣ ፍርዴን የሚቃወም የሚመስል አንድ ነገር። የመጨረሻውን ብዙ መምህራን ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጠብቀው እሱን ነው። ሴትየዋ ታጋሽ ናት ያለ ተማሪ «ታዲያ ልጁን ለምን መጀመሪያውኑ አልታገሠችውም? ለምን መድኃኒት ፍለጋ ሄደች?» የሚለውን ሲጋፈጥ ገጸ ባሕርይዋ በታሪኩ ሂደት እንደምትለወጥ፣ ትዕግሥቱን የተማረችው ከአንበሳው ዘንድ እንደሆነ ይደርስበታል።

መግቢያው የደራሲውን ወይም የተረቱን ስም፣ የገጸ ባሕርይውን ማንነትና የተማሪውን ፍርድ ይዞ በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። «በዓለም ላይ ብዙ ዓይነት ሰዎች አሉ» የሚል መግቢያ ለማንኛውም ርዕስ ስለሚሆን ለዚህኛው አይሆንም።

ገጸ ባሕርይው በአንቱታ ነው የሚጻፈው ወይስ በአንተታ?

ታሪኩ ውስጥ ተራኪው የሚጠቀምበትን መከተል ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ማዕረግና ዕድሜ ያላቸው ስለሆኑ «አሉ»፣ «አደረጉ» ይባላሉ፤ ሰብለ ወንጌልና የምትወደው በዛብህ «አለች»፣ «አለ» ይባላሉ። ስለ ደራሲው ሲጻፍ አንቱታው ይጠበቃል። ዋናው ነገር በድርሰቱ ውስጥ አለመዋዠቁ ነው። ተማሪው ገጸ ባሕርይውን እየጠላው ሲሄድ ሳያስበው ከአንቱታ ወደ አንተታ ይወርዳል፤ በመጀመሪያው አንቀጽ «ፊታውራሪ መሸሻ ነበሩ» ያለው ልጅ በሦስተኛው ላይ «ይህ ሰውዬ» ሲል ይገኛል። ስሜቱ የሚያስደስት ነው፤ ድርሰቱ ግን መታረም አለበት።

በጊዜም ረገድ እንዲሁ ነው። የተፈጸመውን ድርጊት በኃላፊ ጊዜ፣ የተማሪውን ትርጓሜ በአሁን ጊዜ መጻፍ («ተመለሰች» እና «ያሳያል») ለዚህ ደረጃ ቀላሉ መንገድ ነው።

ተማሪው እኔ ከማስበው የተለየ ፍርድ ቢሰጥ እንዴት ልቀበለው?

ማስረጃው ከተገኘ መቀበል ነው። ሰብለ ወንጌል የወላጆቿን ቤት ጥላ በዛብህን ፍለጋ መውጣቷን አንዱ ተማሪ ድፍረት፣ ሌላው የወላጅን ቃል መናቅ ሊለው ይችላል፤ ሁለቱም ከአስተዳደጋቸው የተነሣ የሚያመጡት ሐሳብ ነውና መምህሩ በአንዱ ላይ ፈገግ ብሎ በሌላው ላይ ፊቱን ካጠቆረ ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሁሉ የሚጽፈው የመምህሩን ሐሳብ ይሆናል።

ነገር ግን የተለየ ፍርድና የተሳሳተ ንባብ አንድ አይደሉም። «በዛብህ ሰብለ ከምትኖርበት ከዲማ የሄደው ስላልወደዳት ነው» የሚል ድርሰት መጽሐፉ በግልጽ የሚናገረውን ይቃረናል፤ በዛብህ የወጣው ሕይወቱ አደጋ ላይ በመውደቁ ነው። እዚህ ላይ መምህሩ «ሐሳብህን አከብራለሁ» ብሎ ማለፍ የለበትም፤ ወደ ገጹ መልሶ ማስነበብ ይኖርበታል።

በአንድ ክፍል 60 ተማሪ አለኝ። ይህን ሁሉ እንዴት አርማለሁ?

ሁሉንም ማረም አይቻልም፤ ሒሳቡም አይፈቅድም። ሦስት ክፍል እያንዳንዱ 60 ተማሪ ቢኖረው 180 ደብተር ነው፤ ለአንዱ 5 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 15 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ሥራው መከፋፈል አለበት።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ማየት በጣም ያግዛል። በዚህ ሳምንት መምህሩ የሚያየው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ፍርድ አለበት ወይስ የለበትም? በሚቀጥለው ሳምንት «ያሳያል» ከሚለው በኋላና በፊት ያለውን ብቻ ያያል። ፊደል ግድፈቱን በዚያ ዙር ያልፈዋል፤ ይህ ለብዙ መምህር እጅን እንደማሰር ይከብዳል፤ ቢሆንም በቀይ ቀለም የተሞላ ደብተር የተመለሰለት ልጅ የሚያነበው ነጥቡን ብቻ ነው። ተማሪዎች ደብተር ተለዋውጠው እንዲያነቡ ሲደረግ ደግሞ «አስተያየት ስጡ» ማለት አይበቃም፤ የተወሰነ ሥራ ይሰጣቸው፦ የጓደኛህን ፍርድ አስምርበት፤ ማስረጃውን በቅንፍ አድርገው፤ ያላመንክበትን አንድ ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርግ። ከየቡድኑ አንድ ደብተር ብቻ ተወስዶ በሰሌዳ ላይ በጋራ ቢታረም የቀሩት የራሳቸውን ከእሱ እያስተያዩ ያስተካክላሉ።

ነጥብ እንዴት ይከፋፈል?

ከ20 የሚታረም ከሆነ ለግልጽ ፍርድ 4፣ ከጽሑፉ ለተወሰደ ትክክለኛ ማስረጃ 6፣ ማስረጃው ፍርዱን እንዴት እንደሚደግፍ ለተሰጠ ማብራሪያ 6፣ ለአደረጃጀት 2፣ ለፊደልና ለሥርዓተ ነጥብ 2 መስጠት ይቻላል። ክፍፍሉ ድርሰቱ ከመጻፉ በፊት በሰሌዳ ላይ ይጻፍ።

በሚኒስትሪ ፈተና ላይ ድርሰት አይጠየቅም። ታዲያ ጊዜ ማባከን አይሆንም?

የ8ኛ ክፍል ፈተና በአብዛኛው በምርጫ የሚመለስ መሆኑ እውነት ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት ይህ ጥያቄ ከተማሪ ብቻ ሳይሆን ከርዕሰ መምህርም ይመጣል። ሆኖም የአንብቦ መረዳት ጥያቄዎች «ባለታሪኩ እንዲህ ማድረጉ ምንን ያመለክታል?» እያሉ የሚጠይቁት እዚህ የምናስተምረውን ነው። ከድርጊት ወደ ባሕርይ መሻገርን በጽሑፍ የተለማመደ ልጅ ከአራቱ ምርጫዎች ውስጥ በታሪኩ ያልተደገፈውን ለይቶ ይጥላል። ፈተናው ሲቃረብ ተማሪዎቹ ራሳቸው ከጻፉት አንቀጽ ተነሥተው አንድ አንድ የምርጫ ጥያቄ ከነአሳሳች አማራጮቹ እንዲያወጡ ማድረግ ሁለቱን ሥራ ያገናኛል።

ልጆቼ በውጭ አገር ነው ያደጉት፤ አማርኛ ይናገራሉ እንጂ ለመጻፍ ይቸገራሉ። ይህን ማስተማር ይቻላል?

ይቻላል፤ እንዲያውም በአንድ በኩል ይቀላል። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የሚማር የዚህ ዕድሜ ልጅ አቋም ይዞ ከመጽሐፍ ማስረጃ ማምጣትን በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ተለማምዶታል፤ የሚጎድለው ቃላቱና ፊደሉ ነው። ስለዚህ በቅዳሜና እሑድ የአማርኛ ትምህርት ላይ ተረቱን በቃል ከሰማ በኋላ ሐሳቡን መጀመሪያ በንግግር ይግለጽ፤ ወላጁ ወይም መምህሩ የተናገረውን ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍለትና ሦስተኛውን ራሱ ይቀጥል። ከላይ የተጠቀሱት ጥንድ ቃላት ለእነዚህ ልጆች በተለይ ይጠቅማሉ፤ «ቻይ» እና «ታጋሽ» የሚለያዩበትን አያታቸውን በስልክ ጠይቀው መምጣት ጥሩ የቤት ሥራ ነው።

ተማሪው ድርሰቱን ከኢንተርኔት ወይም ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ገልብጦ ቢያመጣስ?

መጀመሪያ የሚሻለው የመገልበጥን ዕድል ማጥበብ ነው። ረቂቁ በክፍል ውስጥ በእጅ ይጻፍ፤ ወደ ቤት የሚሄደው ማስተካከያው ብቻ ይሁን። ርዕሱም ጠባብ ይሁን፤ «የሰብለ ወንጌል ባሕርይ» የሚለውን ርዕስ ማንም ይመልሰዋል፤ «ትናንት በሰማነው ትዕይንት ውስጥ ሰብለ ዝም ያለችበት ቦታ ስለ እሷ ምን ይነግረናል?» የሚለውን ግን ትዕይንቱን ያልሰማ ሊመልሰው ይቸገራል። ጥርጣሬ ከተፈጠረ በክፍሉ ፊት መክሰስ አያስፈልግም። ተማሪውን ለብቻው ጠርቶ ከድርሰቱ አንድ ዓረፍተ ነገር በማንበብ «ይህን ያልክበት ቦታ ጽሑፉ ውስጥ የት ነው? አሳየኝ» ማለት ይበቃል። ማሳየት የቻለ ነጥቡን ይዞ ይቆያል፤ ያልቻለ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ፊት ለፊት ተቀምጦ አንድ አንቀጽ እንደገና ይጽፋል።